ጣና ዳር በዊልቸር፦ ሸክሙ ይቅር፣ ሳንቃ ይምጣ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ ዊልቸር የምትጠቀሙ ልጆች "ባህር ዳር መጥተን መዝናናት እንችላለን ወይ" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ትችላላችሁ፣ ኑ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከተማውን በዊልቸር የምዞር ሴት ነኝ፣ ስለዚህ የሚመቸውንም የማይመቸውንም ልንገራችሁ።

ከተማችን ሜዳ ናት። የጎንደርን ወይ የደሴን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ዘንባባው ጥላ ስር ራሳችሁን እየገፋችሁ ረጅም መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ክንዳችሁም አይዝልም። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገዱ ከመኪናው ስለተለየ ፀሐይ በረድ ሲል እዚያ መሄድ በጣም ነው ደስ የሚለው። ባጃጅም አትፍሩ፣ የሚታጠፍ ዊልቸር ከሆነ ይገባል፣ ዋጋውን ግን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም ዊልቸሩን እንደ ዕቃ ቆጥረው ተጨማሪ የሚጠይቁ አሉ፣ እግሬን ነው እንዴ የምታስከፍለኝ ያሰኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመሬት ወደ ውሃ ስንሻገር ነው። ጣና ዳር መጥቶ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ ማን አለ? መሳፈሪያዎቹ በአብዛኛው ሲሚንቶ ወይ ድንጋይ ናቸው፣ ባሉበት ነው የሚቆዩት፣ ሀይቁ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ክረምቱ አልቆ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲሞላ የጀልባው ጠርዝ ወደ መሳፈሪያው ይጠጋል፣ ግንቦት ላይ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ጀልባው ወደ ታች ይርቃችኋል። ስለዚህ ጊዜ መምረጥ የምትችሉ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ኑ፣ የመንገዱንና የከተማውን ሰላም ግን አስቀድማችሁ እዚህ ያለ ሰው ጠይቁ። ጀልባውን ደግሞ በጠዋት ያዙ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ወገብን ያንገላታል፣ ወገቡን መቆጣጠር ለማይችል ሰው በተለይ ከባድ ነው።

ጀልባ ነጂዎቹ ደጎች ናቸው። "አይዞሽ እህቴ፣ እኛ እያለን" ብለው ሁለት ሆነው ብድግ ያደርጉሻል። ደግነታቸውን ከልቤ አከብራለሁ ግን ሰው መሸከም መፍትሄ አይደለም፣ አንዱን እግሩ ካንሸራተተው ሁላችሁም ውሃ ውስጥ ናችሁ፣ በብብት ተይዞ መነሳት ደግሞ ትከሻ ይጎዳል፣ ለእኛ ደግሞ ትከሻችን እግራችን ነው። ሴት ስትሆኚ ሌላም አለ፣ የማታውቂው ወንድ አቅፎሽ፣ ቀሚስሽ ተገልቦ፣ ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየሽ። ይሄን ጮክ ብላ የምትናገር የለችም፣ "ጀልባ አልወድም" ትልና ትቀራለች።

የሚያስፈልገው ከመሳፈሪያው ወደ ጀልባው የሚዘረጋ ሳንቃ ነው። ጠንካራ፣ የማያንሸራትት፣ ጎማው እንዳያመልጥ ግራና ቀኙ ጠርዝ ያለው ሳንቃ። ልኩም የታወቀ ነው፣ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ልዩነት ካለ 2 ሜትር ከ40 ይበቃል፣ የትኛውም አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ግሪክ ሀገር ባህር ዳርቻዎች ላይ ሲትራክ የሚባል በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወንበር አላቸው፣ በሐዲድ ላይ እየሄደ ሰውየውን ባህር ውስጥ ያስገባዋል፣ ራሱ በሪሞት አዝዞ ገብቶ ይዋኝና ራሱ ይወጣል። ያ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሳንቃ ግን ምን ይጠይቃል?

(መዋኘትን ካነሳን፣ ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ (በቆዳ አልፎ የሚገባ ጥገኛ ትል) ስላለ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ።)

የት እንሂድ ካላችሁ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሂዱ። ከጀልባው መውረድ አያስፈልግም፣ ደንገሉን፣ ወፎቹን፣ ዕድል ካላችሁ ጉማሬም ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ማየት የተሳነው ጓደኛችሁንም ይዛችሁት ኑ፣ የደንገል ታንኳ በእጁ ይዳስስ፣ አስጎብኚው ዝም ብሎ "ያውልህ" ከሚል ያየውን ይንገረው። ዘጌ ግን ከባድ ነው፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው መንገድ በቡናው ደን ውስጥ ድንጋያማ ዳገት ነው። ለማንኛውም የወንበራችሁን ትራስ ይዛችሁ ጀልባ ውስጥ ግቡ፣ የእንጨት መቀመጫ ላይ ያን ያህል መቀመጥ ቁስል ያመጣል።

ሆቴል ስትይዙ "ለዊልቸር ይመቻል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ይላል። የሽንት ቤቱን በር በሜትር ለክተው ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩላችሁ፣ ከ80 ሴንቲ በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እኔ አንድ ቦታ ራምፑ አምሮ ተሠርቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተቀርቅሬ አውቃለሁ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ እኮ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያም መጸዳጃም እንዲኖረው አዝዟል። መዝናናት ቅንጦት ነው ለሚሉን ደግሞ፣ ሀገራችን በ2002 ዓ.ም ያፀደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 30 ላይ መዝናኛና ቱሪዝም በስማቸው ተጠርተው ተቀምጠዋል፣ ያንብቡት።

የጀልባ ባለቤቶች፣ ወንድሞቼ፣ ሳንቃውን ስታሠሩ ስፋቱ ከ90 ሴንቲ እንዳያንስ፣ ሲያልቅም ጥሩኝ፣ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በራሴ ዊልቸር መጥቼ እሞክርላችኋለሁ።