ራቭ ፎር ወይስ ሲአር-ቪ? በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና ስንመርጥ

በ2024 መጀመሪያ ላይ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ፣ ገንዘቡ በሌላ ወጪ ሳይበታተን አሮጌዋን ኮሮላችንን በአነስተኛ ኤስዩቪ ለመለወጥ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ባለቤቴ ዋሽንግተን ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፣ ሁለቱም ልጆቻችን ገና በልጆች ወንበር የሚታሰሩ ናቸው፣ አማቴም ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ይኖራሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ፣ ዋጋውም ከአቅማችን የማያልፍ መኪና ስንፈልግ ምርጫው ብዙም ሳይቆይ በቶዮታ ራቭ ፎርና በሆንዳ ሲአር-ቪ ላይ አረፈ።

ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ ተፎካካሪዎች ናቸው። ራቭ ፎር በ1994 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ፣ ሲአር-ቪ በዓመቱ ተከተለው። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ግን ፉክክሩ እኩል አልነበረም፤ ሐሳባችንን የነገርናቸው ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል «ቶዮታ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል?» ብለው ነው የመለሱልን። ምክንያቱ ይገባኛል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ከቪትዝ እስከ ላንድክሩዘር ቶዮታ ሲያይ ነው ያደገው፤ መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ የማይጠፋ፣ መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መኪና ነው። ይህ ምክንያት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ክብደት የለውም፤ እዚህ የሁለቱም መለዋወጫ በቀላሉ ይገኛል፣ ሁለቱንም የሚያውቅ መካኒክም ሞልቷል። ስለዚህ የአገር ቤቱን ዝና ወደ ጎን ትተን መኪኖቹን ራሳቸውን ለማየት ወሰንን።

ወደ ዲለር (የመኪና መሸጫ) ስንሄድ ሁለቱን የልጆች ወንበሮችም አማቴንም ይዘን ሄድን። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ስለ ሞተሩ ሊያስረዳን ሲጀምር፣ እኛ በቀጥታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደን አንዱን የልጅ ወንበር ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሌላውን መካከል ላይ አሰርን። በኩባንያዎቹ መግለጫ መሠረት ለኋላ ተሳፋሪ እግር የተተወው ቦታ በሲአር-ቪ 41 ኢንች፣ በራቭ ፎር 37.8 ኢንች ነው፤ በወረቀት ላይ ስናነበው ከቁም ነገር ያልቆጠርነው ይህ ልዩነት ሰው ሲቀመጥበት ብዙ ሆኖ ተገኘ። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ራቭ ፎር ውስጥ የገቡት የላዩን መያዣ ጨብጠው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በሌላው እጃቸው ሰብስበው ነበር፤ ከተቀመጡም በኋላ ጉልበታቸው ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ብዙም አልራቀም። የሲአር-ቪ የኋላ በር ግን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚከፈት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። «እማማ፣ የትኛው ተመቸዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔን ተወኝ፣ ለልጆቹ የሚሆነውን እዩ» አሉ፤ ከሲአር-ቪው ለመውረድ ግን አልቸኮሉም። በኋላ የዕቃ ቦታ በኩል ብዙ አይበላለጡም፤ የልጆች ጋሪም የጤፍ ከረጢትም ሁለቱ ጋ ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሃይብሪድ፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተሩ ጋር በባትሪ የሚታገዘው፣ ይሁን ወይስ በቤንዚን ብቻ የሚሄደው የሚለው ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው ግምት የሁለቱም የ2024 ተራ የቤንዚን ሞዴል በአማካይ በጋሎን 30 ማይል ገደማ ይሄድ ነበር። የዚያው ዓመት የራቭ ፎር ሃይብሪድ 40 ማይል ይሄድ ነበር፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው የሲአር-ቪ ሃይብሪድም እንዲሁ 40። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ ይህ ማለት 400 ጋሎን ወደ 300 ይወርዳል ማለት ነው፤ ጋሎኑ በ3.50 ዶላር ቢታሰብ ቁጠባው በዓመት 350 ዶላር ነው። ስለዚህ ለሃይብሪዱ የሚጨመረው ዋጋ እስኪመለስ ዓመታት ያልፋሉ። ሆኖም የእኛ መንገድ ሃይብሪድን የሚጠቅም ዓይነት ነው። ፍሬን ሲያዝ በሙቀት መልክ ይባክን የነበረው ኃይል ወደ ባትሪ ስለሚመለስ፣ እነዚህ መኪኖች ከተማ ውስጥ ከአውራ ጎዳና ይልቅ ይቆጥባሉ፤ የሲአር-ቪው ግምት ከተማ ውስጥ 43፣ አውራ ጎዳና ላይ 36 ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ዋሽንግተን በሚወስደው 395 አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፎ እየቆመና እየተንቀሳቀሰ የሚሄድ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳዋል። ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሚሄዱ መኪኖች ላይ በየዓመቱ የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ክፍያ ታስከፍላለች፤ ነዳጅ የቆጠበ ሰው ለቁጠባውም ይከፍላል ማለት ነው።

ራቭ ፎር የሚበልጥባቸውን ነጥቦች መደበቅ አልፈልግም። የ2024ቱ ሃይብሪድ ከመነሻው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነበር፤ በሲአር-ቪ ይህን የፈለገ ተጨማሪ ይከፍላል፣ የነዳጅ ግምቱም ወደ 37 ይወርድበታል። የቶዮታ የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። መነሻ ዋጋውም ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ሲአር-ቪ በሃይብሪድ የሚቀርበው ከመካከለኛው ደረጃ ጀምሮ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ግን ስኮርታ ጎማ ነው። የሲአር-ቪ ሃይብሪድ ስኮርታ የለውም፤ በምትኩ የመጠገኛ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መሙያ ይሰጣል። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ መኪናው ገና ያላለቀ መሰለው፤ አገር ቤት ስኮርታ ሳይዝ ከከተማ የሚወጣ ሾፌር ስለሌለ አልፈረድኩበትም። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና ከቤልትዌይ ብዙ ርቀን ስለማንሄድ፣ ኢንሹራንሳችንም የመንገድ ላይ እርዳታን ስለሚጨምር ነገሩን ተቀበልነው።

ስለ ጥንካሬ የሚነገረውን በተመለከተ፣ የሁለቱም መዝገብ ፍጹም ንጹሕ አይደለም። በ2017ና በ2018 የሲአር-ቪ ሞዴሎች ቱርቦ ሞተር ላይ፣ በተለይ በብርዳማ አካባቢዎች፣ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር የመቀላቀል ችግር ታይቶ ሆንዳ ዋስትናውን አራዝሟል። ከ2019 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በወጡ የራቭ ፎር ሃይብሪዶች ላይም፣ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ኋላው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደውን የከፍተኛ ኃይል ገመድ መጋጠሚያ እያዛገ ስላስቸገረ ቶዮታ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው እነዚህን ዓመታት ለይቶ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ዋጋ መደራደሩ ከመኪና መምረጡ ይልቅ አድካሚ ነበር። ከሄድንባቸው ዲለሮች በአንዱ ሻጩ በአራት ሣጥን የተከፈለ ወረቀት አምጥቶ፣ በአንዱ የመኪናውን ዋጋ፣ በአንዱ የአሮጌዋን መኪናችንን ግምት፣ በአንዱ ቅድመ ክፍያውን፣ በመጨረሻው ወርኃዊ ክፍያውን ጻፈ፤ ስለ ጠቅላላ ዋጋው ስጠይቀው በወር ስንት እንደምችል ይጠይቀኛል። የወር ክፍያው ዝቅ ሲል የዕዳው ዘመን ከአምስት ዓመት ወደ ሰባት ተራዝሞ አየሁት። መስታወት ማጥቆሪያና ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅንም ሳንጠየቅ ተጨምረውብን ነበር። ወጥተን ሄድን። ከዚያ በኋላ ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ብድሩን አስቀድመን አስፈቅደን፣ ለየዲለሩ በኢሜል የምንፈልገውን ሞዴል ጠቅሰን፣ የቨርጂኒያው 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብርና ክፍያዎች ሁሉ የተካተቱበትን የመጨረሻ ዋጋ ብቻ እንዲልኩልን ጠየቅን። ሁሉም አልመለሱልንም፤ የመለሱት ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር ላኩ።

በመጨረሻ በፊት ጎማ የሚነዳውን ሲአር-ቪ ሃይብሪድ ገዛን። በዚያው ሰሞን ኡበር የሚነዳ ጓደኛዬም በእነዚሁ ሁለት መኪኖች መካከል ያመነታ ስለነበር አብረን ሒሳብ ሠራን። እሱ በዓመት 40,000 ማይል ገደማ ይነዳል፤ በዚህ ርቀት ሃይብሪድ ከ1,100 ዶላር በላይ ይቆጥብለታል፣ ረጅሙ የባትሪ ዋስትናም ከማንም ይልቅ ለእሱ ዓይነት ሾፌር ይጠቅማል፣ ሌሊት ሥራ ላይ እያለ ጎማው ቢፈነዳም ስኮርታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ራቭ ፎሩን እንዲገዛ እኔው ራሴ መከርኩት፣ ተራ ጠብቆም ተረከበ። የኋላ ወንበሩ ጥበት እሱን አይነካውም፤ እግራቸው የረዘመ ተሳፋሪዎቹ ግን ኮከብ ሲሰጡ ያስታውሱት ይሆናል።