ከደሴ በላይ፣ በባቄላው ማሳ

ነሐሴ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣት ደስ ይላል። ታች ሞቅ ይላል፣ ቦርከና ደፍርሶ ይወርዳል፣ ማሳው ማሽላ ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያያዘው መስኮት የሚዘጋው ይበዛል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ደሴ ስንገባ ግን ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ ነው የጠበቀን። ሰብሉም የሰብሉ በሽታም በከፍታው ይለያያል። እኔም የመጣሁት ለባቄላው ነው።

አጎቴ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያርሳሉ። ሻይ እንኳን ሳንጠጣ ማሳ ወሰዱኝ።

«ይኸው፣ ቆርምድ» አሉኝ። «አምና ዳር ዳሩን ነበር፤ ዘንድሮ መሀል ገባ።»

ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት። በአንድ ወገን ጎድጉዷል፣ በሌላው ወገን አብጧል። እብጠቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ጤናማው ተክል ወገብ ደርሷል፤ የታመመው ጉልበቴን አላለፈም። ይህ በሽታ በአገራችን መታወቅ የጀመረው ወደ 2003 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ሸዋ ነው። ወሎ ለመድረስ ብዙም አልቆየም።

ሰው የታመመ ቅጠል ይዞ የት ይሄዳል? በዓለም ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከተቋቋሙት ቤቶች አንዱ፣ የእንግሊዞች የፈንገስ ጥናት ቢሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ለንደን ዳር፣ ኪው በተባለው ሰፈር ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኤድዊን በትለር የአየርላንድ ሰው ነበር፤ እዚያ ከመምጣቱ በፊት ህንድ ውስጥ የሰብል በሽታ ያጠና ነበር። የሰብል በሽታ ቀላል ነገር አይደለም፦ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ሲያልቅ አየርላንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ረግፏል። ስሪላንካም የቡና ቅጠል ዋግ እርሻዋን አጥፍቶባት ወደ ሻይ ዞራለች።

ቤቱ የተሠራው ለቅኝ ገዢዎች ጥቅም ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለቡናቸው፣ ለሻይና ለጎማቸው እንጂ ለእኛ ባቄላ አልነበረም። አሠራሩ ግን ያስቀናኛል። ከየአገሩ የታመመ ቅጠል በፖስታ ይደርሳቸው ነበር። በማይክሮስኮፕ ያዩታል፣ ፈንገሱን ለይተው ለላኪው ይጽፋሉ። ቅጠሉ አይጣልም። ከየት እንደመጣና መቼ እንደተለቀመ ተጽፎበት ይቀመጣል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ክምችቱ 400,000 ገደማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኪው የዕፅዋት ማዕከል ተላለፈ። ዛሬ አዲስ በሽታ መጣ ሲባል የመቶ ዓመት ቅጠል አውጥቶ ማመሳከር ይቻላል።

በእኛም አገር አምቦ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል፤ ማዕከሉ አሁን በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ለወሎ የሚቀርበው ደግሞ ወልድያ ሳይደርሱ ያለው የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ነው።

ማታ ቡና ተፈልቶ ስለዚህ ስናወራ አክስቴ ጀበናውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ቆይተው «በልጅነቴ የሰው እግር ሲጠቁር አይቻለሁ» አሉ። ልክ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ዝናቡ በዝቶ ስናር የሚባለው አጃ መሳይ አረም ገብሱን ዋጠው። ስናሩ ላይ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ወጣ። ይህ ፈንገስ በፍሬው ቦታ ጥቁር፣ ቀንድ መሳይ ነገር ያበቅላል፤ መርዙ የደም ሥር ያጠብባል። ደም ያልደረሰው ጣትና እግር ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል፣ እስከ መቆረጥም ይደርሳል። እህሉን በልቶ ከ140 በላይ ሰው ታመመ፤ ከመቶ 34ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። እህሉ ሲመረመር የተገኘበት ኤርጎት ከመቶ 0.75 እጅ ብቻ ነው። ከአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እህል የሚመረምር ሰው ቅርብ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር?

የቆርምዱም ነገር ከዚህ አይርቅም። ለዓመታት ጥፋቱ ኦልፒዲየም ለሚባል ፈንገስ ሲሰጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን የኢትዮጵያውን ናሙና በዘረመል ፈትሾ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ መሆኑን አሳየ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» አሉ አጎቴ።

ጥያቄያቸው የሚገባ ነው። መድኃኒቱም፣ ችሎ የሚቆመው ዘርም የሚፈለገው ጠላቱ ሲታወቅ ነው አልኳቸው። እስከዚያው ግን የሚደረግ አለ፦ በዚያው ማሳ ባቄላ አለመድገም፣ ገለባውን ማሳው ላይ አለመተው፣ ከታመመ ማሳ ዘር አለመያዝ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከርሞ ገብስ እዘራበታለሁ፤ አብሽር!»

በማግስቱ የታመሙ ቅጠሎች ለቅሜ በጋዜጣ መሀል ጠፍጠፍ አደረግኋቸው። ቀኑን፣ የቦታውን ስምና ሰብሉን ጻፍኩበት። የቀበሌዋ የልማት ሠራተኛ ወደ ምርምር ማዕከሉ እልካቸዋለሁ አለችኝ። ጋዜጣውን ገልጣ አየችና «ከጤነኛውም ጨምርበት፣ ለማመሳከር ይፈልጉታል» አለች። ተያይዘን ወደ ላይኛው ማሳ ወጣን።