ከዕዳው በፊት ያሉት ቃላት

አጎቴ ሲደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠው ነበር። ደሴ ለከፈትኳት የጫማ ሱቅ 180 ሺህ ብር አበድሮኛል። ሱቋ በዓመቷ ተዘጋች። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

ዱዓ፣ ማለትም ልመና፣ አላጓደልኩም፤ እንዲያውም ከወትሮው በላይ አበዛሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ፣ መስገጃዬ ላይ ተደፍቼ እለምን ነበር። ልመናዬ ግን የገበያ ዝርዝር ይመስላል፦ ብር ይምጣ፣ ደንበኛ ይምጣ፣ አጎቴ ይርሳው። ሲነጋ ደረቴ ላይ ያለው ድንጋይ እንዳለ ነው።

አንድ ቀን ከሱብሂ (ከንጋት) ሶላት በኋላ ለሰፈራችን ኡስታዝ፣ ለሃይማኖት መምህራችን፣ ነገርኳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘወትሩት እንደነበር ሰሓባው (የነቢዩ ባልደረባ) አነስ ያስተላለፈውን፣ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ የዘገበውን ዱዓ እንዳውቅ ጠየቁኝ። «አላሁመ ኢኒ አዑዙ ቢከ ሚነል ሀሚ ወል ሐዘን...» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ወረድኩት።

«ትርጉሙስ?»

ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝኩት ዱዓ ነበር።

በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ሀም ገና ላልመጣው መጨነቅ ነው፤ ሐዘን ላለፈው። ቀጥሎ አቅም ማጣት፣ ስንፍና፣ ንፉግነት፣ ፈሪነት። የዕዳ ክብደት ሰባተኛ ነው፤ በሰዎች መሸነፍ ስምንተኛ። እኔ ስድስቱን ዘልዬ ሰባተኛው ላይ ነበር የማለቅሰው። ከዕዳው አጠገብ የተቀመጠው ደግሞ ፈሪነት ነው! ገልብጬ ያስቀመጥኩት ስልክ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ማልቀሴንም የሶብር (የትዕግሥት) ማነስ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ነቢዩ ያዕቁብ ግን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ስሞታቸውንና ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደሆነ ሱረቱ ዩሱፍ 86ኛው አንቀጽ ላይ ተናግረዋል። ስለዚህ ማልቀሴን አልተውኩም። ዱዓውን ግን ቃል በቃል፣ እያንዳንዱ ላይ እየቆምኩ ማለት ጀመርኩ፤ ሶላቱን በሰላምታ ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ በአማርኛ፣ ምንም ሳላሳምር የሆዴን ለአላህ እነግረው ነበር። ስንፍና የሚለው ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ ምላሴ ይያዛል።

በአምስተኛው ቀን ደወልኩ።

«በሕይወት አለህ ለካ!» አለ አጎቴ። ለዒድ ሳልመጣ መቅረቴን አስቀድሞ ወቀሰኝ፤ ወደ ብሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልማረልኝም። በወር 5 ሺህ ተስማማን።

አሁን በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ጫማ እሸጣለሁ። የሰባት ወር ከፍያለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ይቀረኛል።