«ሺዝ ሎስት ኮንትሮል»ን ከከበሮው ጀምሬ መልሼ ስሠራ

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ጆይ ዲቪዥን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «አንኖውን ፕሌዠርስ» አልበም ውስጥ የሚገኘው «ሺዝ ሎስት ኮንትሮል» ለምን ያን ያህል ቀዝቃዛና ሰፊ ሆኖ እንደሚሰማ ለመረዳት፣ ዘፈኑን በቤቴ የቀረጻ ክፍል ውስጥ ከከበሮው ጀምሬ መልሼ ሠራሁት።

ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት በእንግሊዟ ስቶክፖርት ከተማ በሚገኘው ስትሮቤሪ ስቱዲዮ፣ የአንዱ ከበሮ ድምፅ በሌላው ማይክ እንዳይገባ፣ የባንዱን ከበሮ መቺ ስቲቨን ሞሪስን ከበሮዎቹን ለየብቻ እንዲመታ አድርጎት ነበር። እኔም በሜትሮኖም (የምት መቁጠሪያ) እየተመራሁ የእግር ከበሮውን፣ በዱላ የሚመቱትን ስኔሩንና ቶሙን በየተራ ቀዳሁ። አንድ ላይ ሳሰማቸው ምቱ ልክ ነው፤ አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲመታ በእጁና በእግሩ መካከል የሚፈጠረው መወዛወዝ ግን የለም። አጭር ዲጂታል ዲሌይ (ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ የሚደግም መሣሪያ) ስጨምርበት ከበሮው ከመቺው ተለይቶ በባዶ አዳራሽ የሚሠራ ማሽን መሰለ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ሁክና ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ይህ አሠራር የመድረክ ጉልበታቸውን እንደቀነሰባቸው ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ለዚህ ዘፈን ግን ሃኔት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግጥሙ አካሏ ስለማይታዘዝላት ሴት ነውና።

የግጥሙ መነሻ የባንዱ ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ በሥራ ቦታው ያገኛት የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ነበረች፤ አልበሙ ሲቀረጽም እሱ ራሱ ይኸው ሕመም ነበረበት።

ይበልጥ ያስተማረኝ ቤዙ ነው። ሁክ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ከፍ አድርጎ መጫወት የጀመረው፣ በልምምድ ጊዜ ደካማ ማጉያው ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያሰማው እንደሆነ ተናግሯል። ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ስጫወተው ከእግር ከበሮው ጋር ተጋጨ፤ ወደ ላይ ሳወጣው ግን ከሥር ክፍት ቦታ ተፈጠረ፤ የከርቲስ ወፍራም ድምፅ የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ጊታሩ አልፎ አልፎ ገብቶ የሚወጣ ስለሆነ ብዙም አላደከመኝም።

ድምፃዊቷ ግሬስ ጆንስ በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ዘፈኑን በሬጌ ምት ልትጫወተው የቻለችበት ምክንያት የገባኝም ያን ጊዜ ነው፤ ከበሮና ቤዝ ተራርቀው የቆሙበት ሥራ ሌላ ምት ለማስገባት በቂ ቦታ አለው። ከዚያ ወዲህ በራሴ ቀረጻዎች ድምፃዊው ወፍራም ድምፅ ካለው ከማጉያ ማስተካከያው አስቀድሜ የቤዙን ዜማ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭን ድምፅ እስኪደገም ድረስ) ከፍ አድርጌ እሞክራለሁ።