12:42 በማን ሰዓት?

ጊዜው የታኅሣሥ ማብቂያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ አንድ አውሮፕላን ዘግይቶ ነበር፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሩብ ሰዓት ያህል ሆኗታል። ካፒቴኑ ወደ ማረፊያው እየወረደ ሳለ በሬዲዮ ጠየቀ፦ ከፊታችን በስተቀኝ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያበራ ነገር አለ፣ ሌላ አውሮፕላን አለ ወይ? የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የሚያውቀው ሌላ በረራ አልነበረም። ተረኛው መዝገቡ ላይ «12:42፣ ምንነቱ ያልታወቀ ብርሃን፣ በስተምዕራብ» ብሎ ጻፈ። አውሮፕላኑ 12:54 ላይ በሰላም አረፈ።

ወሬው የተጋጋለው በማግስቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው የራዳር ክፍል በስልክ ሲጠየቅ፣ 12:40 ላይ መለያ ኮድ የሌለው ነጥብ በደቡብ ምዕራብ በኩል ለጥቂት ዙር ታይቶ መጥፋቱን ተናገረ። ከዚያ ማን ያቁመው! «አብራሪውም አይቶታል፣ ራዳሩም ይዞታል» ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ ጅማ ከተማ ቡና ቤት ውስጥ ሳይቀር ይወራ ነበር።

እንዲያጣራ የታዘዘው ወጣት ተቆጣጣሪ ስለ ብርሃኑ መልክ ምንም አልጠየቀም። ደግ አደረገ። መልክና መጠን ሌሊት የሚያታልሉ ነገሮች ናቸው፤ ርቀቱ ካልታወቀ መጠን የሚባል ነገር የለም። የጠየቀው ዲግሪ ነው፤ ማለትም ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚቆጠር አቅጣጫ።

«ካፒቴን፣ መጀመሪያ ሲያዩት አቅጣጫዎ ስንት ነበር?»

«ወደ ጅማ ነዋ፣ 235።»

«ብርሃኑስ?»

«ከአፍንጫዬ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ። ግን ስማኝ ልጄ፣ ስዞር አብሮኝ ዞሯል። ለማረፍ 310 ስይዝ በግራዬ መጣ።»

«በግራዎ ስንት ዲግሪ ላይ?»

«55 ቢሆን ነው።»

235 ሲደመር 20፣ 255 ነው። 310 ሲቀነስ 55 ያው 255 ነው። የዞረው አውሮፕላኑ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። አብራሪ ነገሩን ከራሱ አፍንጫ አንጻር ስለሚያየው፣ ቆሞ የሚጠብቀው ብርሃን «ተከተለኝ» ያሰኛል። በሁለቱ እይታዎች መካከል አውሮፕላኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ከብርሃኑ መስመር ወደ ጎን የራቀው ግን 10 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው። የካፒቴኑ ግምት 5 ዲግሪ ስቶ ነበር እንበል፤ ያኔ እንኳ የቆመ ነገር ቢሆን ከ110 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ርቀት ላይ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ከ4 ደቂቃ በኋላ ከክንፉ ጀርባ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ሰው አንድ ነገር ያነሳል፦ በትይዩ የሚበር አውሮፕላንስ አቅጣጫው ሳይለወጥ አይቆይም ወይ? ይቆያል። እንዲያውም አቅጣጫው ሳይለወጥ እየጎላ የሚመጣ ብርሃን ግጭት ሊያስከትል የሚችል ነውና ካፒቴኑ መጠየቁ ትክክል ነው። መልሱን የሚሰጠው ማዞሪያው ነው። አውሮፕላኑ 75 ዲግሪ ታጥፎ ደቂቃዎች ሲበር ብርሃኑ አሁንም 255 ላይ ካለ፣ አብሮ የሚበር ነው ለማለት ሌላው አብራሪም በዚያው ሰከንድ እኩል ታጥፏል ማለት ይሆናል።

ቀሪው የሰማይ ሠንጠረዥ ማየት ነበር። በዚያ ምሽት፣ በዚያ ሰዓት፣ በ255 ዲግሪ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብላ የነበረችው ቬነስ ናት። (ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል።) ካፒቴኑ «አጥቢያ ኮከብ በምሽት?» ብሎ ሳቀ። ያችው ናት፤ ከፀሐይ በስተምሥራቅ ስትሆን በምሽት ትወጣለች። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቁልቁል ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፣ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ስታርሊንክ የሚባሉት ሳተላይቶች ተጨምረዋል፤ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆነው ፀሐይ በጠለቀችበት አቅጣጫ፣ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብለው ለሰከንዶች ቦግ ብለው ይጠፋሉ። ቬነስ ግን ለደቂቃዎች ቦግ ብላ ትቆያለች።

የራዳሩ ነጥብስ? ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነበር። የጅማው ተረኛ 12:42 ያለው በእጅ ሰዓቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። የራዳሩ ክፍል 12:40 ግን በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት የተመዘገበ ነው። ያ በእኛ ከቀኑ 9:40 ነው። ብርሃኑ በዙሉ 15:42 ላይ ታየ። በ«ተመሳሳይ ሰዓት» የታዩት ሁለት ነገሮች በሦስት ሰዓት ይራራቃሉ። እኛ ዘንድ ከዙሉ ላይ 3 ሲቀነስ የእኛው ሰዓት ስለሚወጣ፣ ሁለቱም ያለ ምልክት «12 ከምናምን» ተብለው ሲጻፉ የሚጠራጠር አይኖርም።

ሰዓቱ ባይሳሳት እንኳ ርቀቱ አይፈቅድም ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ በአየር 257 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የራዳር ጨረር የምድርን ጉብታ ተከትሎ ብዙ አይታጠፍም፦ በተለመደ አየር የሚደርስበት ርቀት በኪሎ ሜትር፣ 4.12 ሲባዛ በከፍታው ስኩዌር ሩት ነው፣ ከፍታው በሜትር ሆኖ። ሲሰላ፣ አዲስ አበባ ያለ ራዳር ጅማ ላይ የሚያየው ከራሱ ከፍታ በላይ 3,900 ሜትር ግድም የሚበረውን ነው፤ ከባሕር ወለል ከ6,000 ሜትር በላይ ማለት ነው። ለማረፍ 12 ደቂቃ የቀረው አውሮፕላን ከዚያ በታች ነው። አጠገቡ የሚበር ነገር ቢኖርም ነጥብ አይሆንም።

ኮድ የሌለው ነጥብ ራሱ ብርቅ አይደለም። ሰከንደሪ የሚባለው ራዳር በ1030 ሜጋኸርዝ ጠይቆ፣ አውሮፕላኑ ላይ ያለው መልስ ሰጪ መሣሪያ (ትራንስፖንደር) በ1090 ሲመልስለት ነው ኮድና ከፍታ የሚያወጣው። ፕራይመሪ የሚባለው ራዳር ግን የሚመለስለትን ማስተጋባት ሁሉ ይቀበላል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በሞቀ አየር ተንሳፍፎ የሚዞር የአሞራ መንጋም ይመልስለታል። በሰከንድ 1,000 ጊዜ ጨረር የሚልክ ራዳር ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው በትክክል የሚለካው፤ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ነገር ማስተጋባት የሚደርሰው ቀጣዩ ጨረር ከተላከ በኋላ ስለሆነ፣ 50 ላይ አድርጎ ያሳየዋል።

ብርሃንና ነጥብ አንድ ላይ መስፋት የጅማ ችግር ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1952 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ላይ የራዳር ነጥቦች ጄት አስነሥተዋል፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያቀረቡት ማብራሪያ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ የሆነ አየር ጨረሩን ወደ መሬት ያጥፈዋል የሚል ነው። ኅዳር 1986 (እ.ኤ.አ.) አላስካ ላይ የጃፓን የጭነት 747 ካፒቴን ኬንጁ ቴራኡቺ ግዙፍ ነገር እንደተከተለው ሲናገር፣ ራዳሩ ላይ አጠገቡ ነጥብ መታየቱ ወሬውን አጸናው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በኋላ ነጥቡ የዚያው የ747 ድርብ ምላሽ ነው አለ። እንዲያዩት የተጠየቁት ሁለት አውሮፕላኖችም ምንም አላገኙም።

ጅማ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ተለያይተው በሁለት ፋይል ገቡ። አዲሱ የማማ መዝገብ ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ዙሉ» ወይም «የእኛ» የሚባልበት ጠባብ ዓምድ ተሰምሯል፤ ከዚያ የአውሮፕላኑ አቅጣጫ፣ ከአፍንጫው በስተቀኝ ወይም በስተግራ ስንት ዲግሪ፣ ከአድማስ ስንት ጭብጥ። ካፒቴኑ መጀመሪያ ላይ ሞልቶ ሲፈርም የጭብጡን ሳጥን አይቶ «የኔ እጅ ትልቅ ነው» አለ፤ ክንድ ሲዘረጋ ግን ትልቁም ትንሹም እጅ ያው 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ትልቅ እጅ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ክንዱም ረጅም ነውና።