ባቡሩ፣ ወንዙና ደመወዙ

ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ይብዛ ከሚሉት ነኝ። የወሎ ልጅ ዓረብ አገር ሰው ቤት ከሚንከራተት እዚሁ ቢሠራ እመርጣለሁ። “አረንጓዴ ኢንዱስትሪ” ሲባል ግን የኃይሉ ምንጭ ብቻ አያጠግበኝም። መብራታችንማ በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። እኔ የምጠይቀው ንብረቱ የማን ነው፣ ማንስ ይወስንበታል ብዬ ነው። ይህን አመለካከት ኢኮ-ሶሻሊዝም ይሉታል።

ባቡሩን እዩት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ በብድር የሠራው፣ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የታሰበ። ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ዋሻው ተበሳ፣ ኃይል ሳይቀርብለት ቆመ። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ መጣና ተዘረፈ። ብድሩ በዶላር ነው፤ ባቡሩ ሄደም አልሄደም ይከፈላል። እስከዚያው የጅቡቲ ጭነት በሚሌና በባቲ በኩል በከባድ መኪና ይገባል። ከደሴ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ከመኪኖቹ ኋላ እንጎተታለን። ጭሱ ሚኒባሱን ሲሞላው ረዳቱ “መስኮት ዝጉ!” ይላል። ለጅቡቲና ለኬንያ መብራት እየሸጥን ዕቃችንን በናፍጣ እናግዛለን። ያናድዳል።

ወንዙስ? ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች በፋብሪካዎቹ ሰፈር አልፈው ቦርከና ወንዝ ይገባሉ። ተመራማሪዎች ውሃውን መርምረው ክሮሚየም አግኝተውበታል፤ ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል ነው። ከታች ቦርከናን ጠልፎ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ፣ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። አትክልቱን የምንበላው እኛው ነን። ስለ ፍሳሹ ሲመከር ያንን ገበሬ ማን ጠራው?

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ አንድ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ እንኳ ኪራዩ ሲነሳ ለአስቤዛ የሚተርፋት ኢምንት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ልትመለስ ስትል “ትዕዛዝ የለም” አሏት። አሜሪካ በ2014 አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለትም ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ አስወጥታ ነበር። ዋሽንግተን በተወሰነ ነገር ኮምቦልቻ ያለች ልጅ እንጀራዋን አጣች።

እና ለምን አስቀድመን ለራሳችን አንሰፋም? የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፤ የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንግሥት ይግዛ፣ ሠራተኞቹ በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። የፍሳሹ ምርመራ ውጤትም በየወሩ በአማርኛ ተጽፎ፣ ቦርከና ዳር ባሉት ቀበሌዎች ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።