በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ታዲያ ሴቶቹ የት ሄዱ?

አብረን የምንሠራ አንዲት ሐኪም አለች። ከስሟ ቀጥሎ የሚጻፈው የተለመደው የሐኪም ማዕረግ ኤም.ዲ. ሳይሆን ዲ.ኦ.፣ ማለትም ኦስቲዮፓቲክ ሐኪም ነው። አንዳንድ ታካሚ ወገሻ ትመስለዋለች። በአሜሪካ ግን ኦስቲዮፓቲክ ሐኪም ሙሉ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማከምም ይማራል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሳበኝ ግን የሴቶቹ ታሪክ ነው።

ወገሻ የምትመስላቸውም ቢሆን ብዙ አልሳቱም። የኦስቲዮፓቲ መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል ራሱን «መብረቁ ወገሻ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። በ1864 (እ.ኤ.አ.) ልጆቹን በማጅራት ገትር ካጣ በኋላ በዘመኑ ሕክምና ላይ የነበረው እምነት ተሟጠጠ። በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት ሴቶችን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ተቀበለ። ሃርቫርድ ሕክምና ለመማር ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1945 ነው!

ስቲል ቅን ሰው ስለነበር ብቻ ነው አልልም። በየቦታው የሚሾፍበት አዲስ ትምህርት ቤት ተማሪ መምረጥ አያዋጣውም። ያም ሆነ ይህ፣ ጃኔት ቦልስ በ1894 ተመረቀች። የሙያውን መጽሔት በአዘጋጅነት የጀመረችውም እሷ ናት። ኋላ ዴንቨር ሄዳ ከባሏ ጋር የራሷን የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ከፈተች።

የኔ ጀግና ግን ሉዊዛ በርንስ ናት። ሌሎቹ ሲያክሙ እሷ «እውነት ይሠራል ወይ?» ብላ ላቦራቶሪ ገባች። የአከርካሪ ችግር የውስጥ አካላትን ይነካ እንደሆነ በእንስሳት ላይ ለአሥርት ዓመታት መረመረች። ሙከራዎቿ በዛሬ ሚዛን ሲታዩ ጉድለት አያጡም። ቢሆንም ማስረጃ የግድ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያናድደኝ። በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ክፉኛ ሲተች ለኦስቲዮፓቲም አልራራም። ደረጃው ከፍ አለ፣ መግቢያውም ጠበበ። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ክፍል ውስጥ ሴት ማየት ብርቅ ሆነ። ሙያው ሲናቅ ቦታ የነበራቸው ሰዎች፣ መከበር ሲጀምር ገሸሽ ተደረጉ።

ነገሩ የተለወጠው በ1970ዎቹ ነው። በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ በትምህርት ውስጥ የጾታ አድልዎን ከለከለ። በዓመቱ ባርባራ ሮስ-ሊ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኦስቲዮፓቲክ ሐኪምነት ተመረቀች። በ1993 ደግሞ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጅ ዲን ሆነች። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሆኗ ነው። አዎ፣ የዘፋኟ የዳያና ሮስ እህት ናት፤ ወሬዋ ሁሌ በዚያ ሲጀመር ግን ይደብረኛል።

አሁን ወደ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች ከሚገቡት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ማኅበር የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት ካረን ኒኮልስን ያገኘው ግን በ2010 ነው። ቦልስ ከተመረቀች 116 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።